መሬትን የሚሸፍን ሰው ለዝናብ ምን ዕዳ አለበት?

ውኃ አሳላፊ ኮንክሪት አሸዋ የሌለው ወይም በጣም ጥቂት አሸዋ ብቻ የገባበት ኮንክሪት ነው። መጠናቸው ተቀራራቢ የሆነ ጠጠሮች በስስ የሲሚንቶ ልባጥ ተሸፍነው በሚነካኩበት ቦታ ብቻ ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ስፍራ ሳይሞላ ይቀራል። ከጠቅላላ ይዘቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው እርስ በርሱ የተያያዘ ክፍተት ነው። ዝናብ ሲወርድበት ውኃው በላዩ አይጋልብም፤ በክፍተቶቹ ሾልኮ ከሥሩ ወደ ተነጠፈው ድንጋይና ወደ አፈሩ ይወርዳል። በሚገባ የተሠራ አንድ ካሬ ሜትር በደቂቃ ከ120 እስከ 320 ሊትር ውኃ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህም ከከባዱ የክረምት ዶፍ እጅግ የሚበልጥ አቅም ነው።

ስለዚህ ቁስ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ጥንካሬውና ዋጋው ነው። ሥራው ግን ከምሕንድስና አስቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ አለው። ሰው ቤት ሲሠራ፣ ግቢውን ሲያነጥፍ፣ መንገድ ሲዘረጋ፣ በሚወርደው ዝናብና ዝናቡን በምትቀበለው መሬት መካከል ይገባል። ይህን የማድረግ መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው? መሬት ስትሸፈን መጠጣት ላልቻለችው ውኃ፣ ውኃው ለሚሄድበት ጎረቤት፣ ምንጩ ለሚደርቅበት ቆላ ተጠያቂው ማን ነው? በምሥራቅ ጎጃም ለሚገኙት ለቢቸናና ለሞጣ ይህ ጥያቄ በየክረምቱ ደጃፍ ላይ የሚደርስ ነው። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው አገር ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ በላያቸው የሚወርደው ዝናብም ማረፊያው ብዙ ነው።

ክፍተት ጉድለት ነው ወይስ ሥራ?

በተለመደው የኮንክሪት ሥራ ክፍተት ጠላት ነው። ሠራተኛው ቡኬቱን የሚነቀንቀው፣ አሸዋ በጠጠር መካከል እንዲገባ የሚያደርገው፣ አየሩ እንዲወጣ የሚደክመው ድፍን ነገር ለማግኘት ነው። ሳንቃው ሲነሣ ያልሞላ ቀዳዳ ከታየ ሥራው ተበላሽቷል ይባላል፤ በቀዳዳው የገባ ውኃ ፌሮውን ያዝገዋልና። በውኃ አሳላፊ ኮንክሪት ግን ያው ክፍተት የሥራው ዓላማ ይሆናል። አንድ ዓይነት ባዶነት በአንዱ ነውር፣ በሌላው ምግባር የሚሆነው እንዴት ነው?

አርስቶትል ለዚህ የሚረዳ ልዩነት አስቀምጧል። አንድ ነገር አንዳች ነገር ስለሌለው ብቻ ጎደሎ አይባልም፤ ጎደሎ የሚባለው በባሕርዩ ሊኖረው የሚገባው ሲታጣበት ነው። ዛፍ ዓይን የለውም፤ ዕውር ግን አይባልም። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረበት ጊዜ ክፋት የራሱ ባሕርይ ያለው ፍጥረት እንዳልሆነና ከበጎ ነገር መጉደል እንደሚመጣ አስረድቷል። ከሁለቱ ትምህርቶች የሚገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የባዶነት ዋጋ የሚታወቀው ነገሩ ለምን እንደተሠራ ሲታወቅ ነው። ለሰገነት ምሰሶ ክፍተት ጉድለት ነው፤ ምሰሶው ሸክም ሊይዝ ተሠርቷልና። ዝናብ ለሚቀበል ንጣፍ ድፍንነት ጉድለት ሊሆን ይችላል። በቻይና ጥንታዊ ጥበብ የሚታወቀው ላኦ ትዙም የሸክላ ዕቃ የሚጠቅመው በውስጡ ባለው ባዶ ስፍራ፣ ቤትም የሚኖርበት በግድግዳዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ መሆኑን አስተምሯል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደተፈጠረ ይነገራል። እነዚህ እርስ በርሳቸው የሚጻረሩ ናቸው፤ በሰው ውስጥ ግን በፈጣሪ ፈቃድ ተስማምተው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲያሸንፍ ሥጋ ይታመማል። ይህ ትምህርት ስለ ሰው የተነገረ ነው፤ ሰው የሚሠራውን ነገር ለመመዘንም ይረዳል። ሲሚንቶ ከመሬት የወጣ ድንጋይ ነው፤ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በእሳት ይጋገራል፤ ውኃ ሲነካው ይጠነክራል። ድፍኑ ኮንክሪት ከተሠራ በኋላ ግን ውኃንና ነፋስን ከአፈር ይለያል፤ ከሥሩ ያለው አፈር አይጠጣም፣ አይተነፍስም፣ ሥር አያሳድግም። ውኃ አሳላፊው ኮንክሪት ለሁለቱ ቦታ ይተዋል፤ በአጠገቡ ያለ ዛፍ ሥርም ውኃና አየር ያገኛል።

ይህ መተው በነፃ አይገኝም። ለቤት ሥራ የሚፈለገው የተለመደ ኮንክሪት 25 ሜጋ ፓስካል ያህል ጥንካሬ ሲጠየቅበት፣ የውኃ አሳላፊው እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 28 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። ክፍተቱ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ጥንካሬው ሲጨምር የሚያሳልፈው ውኃ ይቀንሳል። ክብደቱም ከተለመደው ያነሰ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,600 እስከ 2,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ለሌላው ቦታ የሚተው ሁሉ ከራሱ አንዳች ነገር ይቀንሳል። ይህ የቁስ ሕግ ነው፤ ከታች እንደሚታየው የጉርብትናም ሕግ ነው።

የወረደ ዝናብ የማን ነው?

በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆጠራል፤ በዚህ ጊዜ ስለ ዘር፣ ስለ ደመና፣ ስለ ዝናብ ይዘመራል፤ ስለ ዝናብና ስለ ወንዞች ውኃም ይለመናል። በወንጌል እግዚአብሔር ለጻድቃንም ለኃጥአንም ዝናብን እንደሚያዘንብ ተጽፏል። ዝናብ ተለይቶ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሀብት አይደለም፤ ከመውረዱ በፊት ባለቤት የለውም። ጥያቄው የሚነሣው ከወረደ በኋላ ነው።

የጎጃም ገበሬ ይህን ጥያቄ በእርሻው ያውቀዋል። በቢቸና ዙሪያ ያለው አብዛኛው ማሳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ አንዴ ከጠገበ ውኃ አያሰርግም። ጤፉ እንዳይበሰብስ ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ውኃው በፈሰሱ ተጠራቅሞ ይወርዳል። የሚወርደው ግን ወደ ባዶ ቦታ አይደለም። ከታች ሌላ ማሳ፣ ሌላ ገበሬ አለ። ፈሰስ በጎረቤት ማሳ ላይ ሲለቀቅ አፈር ይሸረሽራል፣ ቦረቦር ይከፍታል፣ ጠብ ያስነሣል፤ ሽማግሌም ይቀመጥበታል። ሽማግሌው የሚጠይቀው ውኃው ከየት እንደመጣ ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳሰባሰበው፣ በየት እንደመራውና የት እንደለቀቀው ነው። በተፈጥሮው የወረደና በሰው እጅ የተመራ ውኃ በሽማግሌ ፊት አንድ አይሆኑም።

የሮማ ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ከተጻፉት ከአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ጀምሮ ይህንኑ ልዩነት ያውቅ ነበር። በተፈጥሮ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ውኃ የታችኛው ባለ መሬት ይቀበላል፤ የላይኛው ሰው በሠራው ሥራ ውኃው ከበረታበት ወይም መንገዱ ከተለወጠበት ግን ሊከስ ይችላል። በእስልምና ትምህርት ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ እንደሆኑ ይነገራል። ነቢዩ ሙሐመድ በመዲና በመስኖ ውኃ ለተጣሉ ሁለት ሰዎች ሲፈርዱ፣ ከላይ ያለው ሰው አስቀድሞ እንዲያጠጣ፣ ከዚያ ውኃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ አዘዋል። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውኃ አጠቃቀም ማኅበረሰቡን ያስቀድማል፤ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የአገሪቱን የውኃ ሀብት የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ንብረት አድርጎታል።

እነዚህ ምንጮች በዘመንም በእምነትም የተራራቁ ናቸው። ሁሉም ግን ከላይ የተቀመጠ ሰው መብት እንዳለው ይቀበላሉ፤ ሁሉም መብቱን ከታች ባለው ሰው ይወስኑታል። ተረቱ ከላይ ሆኖ የሚጠጣው ጅብ ከታች ያለችውን አህያ ውኃውን አደፈረስሽብኝ ብሎ እንደ ከሰሳት ይናገራል፤ ሰሚው ሁሉ ግፉን የሚያውቀው ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ስለሚያውቅ ነው። ኃላፊነት ከውኃው ጋር ቁልቁል ይወርዳል።

ከተማ ይህን የእርሻ ጥያቄ ያባዛዋል። በአንድ 200 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 6,000 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ በ200 ሊትር በርሜል ሲለካ 30 በርሜል ነው። ግቢው ሣርና አፈር በነበረ ጊዜ ከዚህ ብዙው ይሰርግ ወይም ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ግቢው በሲሚንቶ ሲለሰን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በአሸንዳና በበር ሥር ወደ መንገድ ይወጣል። በአንድ ሰፈር እንዲህ ያሉ 100 ግቢዎች ቢኖሩ 600 ሜትር ኩብ ውኃ በአንድ ዶፍ ወደ ታችኛው ሰፈር ይላካል። እያንዳንዱ ባለ ግቢ ያደረገው ቤቱን ማሳመርና ጭቃን ማስወገድ ብቻ ነው፤ ማንም ጎረቤቱን ለመጉዳት አላሰበም። ጎርፉ ግን ይመጣል፤ ከከተማው ጫፍ ያለውን ቦረቦር ያሰፋል፤ አፈሩን ይዞ በሙጋና በሱሃ ወንዞች ወይም በሌሎች ገባሮች ወደ ዓባይ ይወርዳል።

በደል ያለ ክፉ ፈቃድ ይኖራል ወይ የሚለው የፍልስፍና ጥያቄ እዚህ ላይ ይጨበጣል። የእያንዳንዱ ድርሻ በአንድ ዶፍ ከ30 በርሜል ገደማ አይበልጥም፤ የሁሉም ድምር ግን የሰው ማሳ ይቆርጣል። የአንዱ ድርሻ ትንሽ መሆኑ ዕዳውን ትንሽ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ትንሽ ዕዳ ደግሞ በትንሽ ዋጋ ሊከፈል ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር አልተጠየቀም። በኦሪት ዘፍጥረት ሰው ምድርን እንዲገዛ ከተሰጠው ቃል አጠገብ ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተሰጠው ቃል ይገኛል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ መግዛት ማለት እንደ ፈቀዱ ማድረግ ሳይሆን አደራ መያዝ መሆኑ ይታያል።

አማራጭ ቁሶችና የሚጣል የሚባለው ነገር

ዕዳን ለመክፈል የተመረጠው መንገድ ሌላ ዕዳ የሚፈጥር ከሆነ ጥቅሙ ይጠፋል። ሲሚንቶ በዓለም ላይ በሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 ወይም 8 በመቶ ያህሉን ያመነጫል፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ጋዙን ይለቃልና ጉዳቱ ከነዳጁ ብቻ አይመጣም። ውኃ አሳላፊ ኮንክሪት በሜትር ኩብ ከ270 እስከ 415 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሲሚንቶው ወይም ከጠጠሩ ከፊሉን በሌላ ቁስ መተካት ከዋጋም በላይ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

ሲሚንቶ ያልሆነ ማያያዣ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከሞጣ በስተ ሰሜን በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገር ሲሆን ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ለመጋገር የሚፈልገውም ሙቀት ከሲሚንቶ ያነሰ ነው። ኖራ ከእሳተ ገሞራ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል በውኃ ውስጥም ይጠነክራል፤ ሮማውያን የወደብ ግንቦቻቸውን የሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

የጎጃም ከፍታ የተሠራው በእሳተ ገሞራ ነው። የጮቄ ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ የአካባቢው ጥቁር ባዛልት ሲፈጭ ጠንካራ ጠጠር ይሆናል፤ ለውኃ አሳላፊ ኮንክሪት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነውን ለይቶ ማንጓለል ይበቃል። ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ በእንጅባራ አካባቢ ደግሞ በኋለኛው ዘመን የፈነዱ እሳተ ገሞራዎች የተዉት ስኮሪያ አለ፤ የግንባታ ሰዎች ሬድ አሽ ይሉታል። ስኮሪያ በራሱ ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀላል ድንጋይ ነው። በጠጠር ፈንታ ሲገባ ንጣፉ ይቀላል፣ ውኃ በደንብ ያሳልፋል፤ ጥንካሬው ግን ከባዛልቱ ያነሰ ይሆናል። ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ከሲሚንቶው ከፊሉን ሊተካ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ ሲሚንቶ ሲጠነክር ከሚፈጠረው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ተጨማሪ ማያያዣ ይሆናልና።

ከፋብሪካና ከግንባታ የሚተርፉ ቁሶችም አሉ። ከዓባይ ማዶ ባለው በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ እንደሚደረገው የሸንኮራ አገዳ ገለባ ለኃይል ሲቃጠል አመድ ይተርፋል፤ በሚገባ የተቃጠለና የላመ አመድ ከሲሚንቶው ጥቂት እጅ ሊተካ ይችላል። የፈረሰ ኮንክሪትና የተሰበረ ጡብ ተፈጭተው ጠጠር ይሆናሉ፤ አሮጌ ልስን ስለሚይዙ ውኃ ይመጥጣሉ፣ ከመቀላቀላቸው በፊት መርጠብ አለባቸው፤ ብዛታቸው ሲጨምርም ጥንካሬ ይቀንሳል። የተከተፈ የመኪና ጎማ ንጣፉን በቀላሉ የማይሰነጠቅ ያደርገዋል፤ ጥንካሬውን ግን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በውኃ ከሚታጠበው ነገር የተነሣም ከጉድጓድ ውኃ አጠገብ ባይገባ ይመረጣል።

የጤፍ ጭድ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጥያቄ ያመጣል። አመዱ ሲሊካ አለው፤ በሲሚንቶ ፈንታ በከፊል ሊገባ እንደሚችል በምሕንድስና ተመራማሪዎች ተፈትሿል። ቢቸና ደግሞ ነጭ ጤፍ የሚመረትበት አገር ነው፤ ጭዱ ብዙ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጭድ የእርሻ ተረፈ ምርት ነው። በቢቸና ዙሪያ ባለው በእነማይ ወረዳ፣ በገበሬ ቤት ግን ጭድ የበሬ ምግብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይለስናል፤ በበጋ ከብት የሚያቆየው እሱ ነው። በሬው ካልበላ ዋልካው አይታረስም። ስለዚህ አንድ ነገር የሚጣል ነው ብሎ ለመፍረድ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይበቃም፤ ማን እንደሚተዳደርበት ማወቅ ያስፈልጋል። የተሰበረ ኮንክሪት መንገድ ዳር የተጣለ ነው፤ ቢወሰድ የሚጎዳ የለም። ጭድ ግን ባለቤት አለው፣ ምግብም ነው። የአንዱን ከተማ ዕዳ ለመክፈል የሌላውን ግርግም ባዶ ማድረግ ፍትሕ አይሆንም።

ከዚህ የሚወጣው መመዘኛ ግልጽ ነው። አማራጭ ቁስ በጎ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፦ በቅርብ ሲገኝ፣ ከሌላ ሰው አስፈላጊ ጥቅም ሳይነጠቅ ሲወሰድ፣ የተሠራው ነገር ለታሰበለት ሸክም ሲበቃ። በዚህ መመዘኛ በሞጣና በቢቸና ባዛልት ጠጠርና የፈረሰ ኮንክሪት ይቀድማሉ፤ የእሳተ ገሞራ ዱቄት ይከተላል፤ ጭድ ወደ ኋላ ይቀራል።

የሚያገለግልበትና የማያገለግልበት ቦታ

ይህ ኮንክሪት አዲስ ግኝት አይደለም። በእንግሊዝ በ1852 እ.ኤ.አ. ለቤት ግድግዳ ተሠርቶበታል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሚንቶ ባነሰበት አውሮፓ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ያለ አሸዋ በተሠራ ኮንክሪት ታንጸዋል፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ለጎርፍ መቀነሻ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልምዱ የሚያሳየው ለእግረኛ መንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ግቢ፣ ለገበያ መተላለፊያ፣ ለባጃጅና ለትንንሽ መኪና ማቆሚያ ተስማሚ መሆኑን ነው። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መንገድ ላይ ለሚያልፉ ከባድ መኪናዎች ግን አይሆንም፤ ጎማ በሚዞርበት ቦታ ጠጠሩ ይላቀቃል። ፌሮም አይገባበትም፤ ውኃና አየር በነፃ ስለሚያልፉ ይዝጋልና።

የሚይዘው ውኃ በቀላሉ ይሰላል። ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ 20 በመቶ የሆነ ንጣፍ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በውስጡ ያኖራል። ከሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር የተነጠፈና 40 በመቶ ክፍተት ያለው ድንጋይ ሌላ 120 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ 150 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ንጣፉ በላዩ የወረደውን ብቻ ሳይሆን ከቤቱ ጣሪያ የሚመጣውንም ከፊል ሊቀበል ይችላል።

ይህ ውኃ ከዚያ የት ይሄዳል የሚለውን የሚወስነው አፈሩ ነው። ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ባለበትና ውኃ በሚሰርግበት ቦታ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፤ የዛፍን ሥርና የከርሰ ምድርን ውኃ ያገኛል። በዋልካ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዋልካ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በየጊዜው ውኃ የሚላክበት ከሆነ ንጣፉን ያነሣዋል፣ የቤት መሠረትም ይሰነጥቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከድንጋዩ ሥር ውኃ የማያስገባ ፕላስቲክ ተነጥፎ ውኃው በተበሳ ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ተተከለበት መስክ እንዲወጣ ይደረጋል። የዋልካው ንጣፍ ውኃ አያሰርግም፤ ያቆያል። በአንድ ሰዓት ሊወርድ የነበረውን በአንድ ቀን ይለቃል። ለታችኛው ጎረቤት ይህም ትልቅ ልዩነት ነው፤ የሚቆርጠው የውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ነውና።

ማሳለፍ ሁልጊዜ በጎ አይደለም። በአነስተኛ ከተሞች የመጸዳጃ ጉድጓድና የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ብዙ ውኃ ማስረግ እድፉን ወደ ጎረቤት መጠጥ ሊወስድ ይችላል። የመኪና ዘይት በሚፈስበት ጋራዥ ግቢም ንጣፉ ከዘይቱ ከፊሉን ቢያስቀርም ሁሉንም አያጣራም። ውኃን ለሌላው መልቀቅ ግዴታ ከሆነ፣ ሳያበላሹ መልቀቅም የዚያው ግዴታ ክፍል ነው።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የውኃው መጠን ከሲሚንቶው ክብደት ከ27 እስከ 34 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ከበዛ ልባጡ ፈስሶ የታችኛውን ክፍተት ይደፍናል፣ ካነሰ ጠጠሩ አይያያዝም። ከተነጠፈ በኋላ ወዲያው በፕላስቲክ ተሸፍኖ 7 ቀን መቆየት አለበት፤ አየር በየቀዳዳው ስለሚገባ ቶሎ ይደርቃልና።

ጥገና እንደ ግዴታ

የዚህ ንጣፍ ትልቁ ጠላት መደፈን ነው። በጫማና በከብት ኮቴ የሚመጣ ጭቃ፣ አቧራ፣ ቅጠልና ፍግ ቀዳዳዎቹን ቀስ በቀስ ይሞላሉ። በላዩ አሸዋ ማራገፍ ወይም ጭቃ ማቡካት በአንድ ቀን ያበላሸዋል። በየጊዜው ከተጠረገና በኃይለኛ ውኃ ከታጠበ ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል። ለደጋው የሚስማማው ጊዜ ከሰኔ በፊትና ከመስከረም በኋላ ነው፤ ገበሬው ፈሰሱን የሚያስብበት ወቅት ባለ ግቢውም ንጣፉን የሚያይበት ሊሆን ይገባል።

ይህ የጥያቄውን ሃይማኖታዊ ገጽ ያሳያል። ሕንፃ መሥራት አንድ ጊዜ የሚፈጸም ተግባር ይመስላል፤ መባረክና መመረቅም አለው። የሚተነፍስ ንጣፍ ግን ተመርቆ አያበቃም፤ በየዓመቱ ካልተጠበቀ ወደ ድፍን ሲሚንቶ ይለወጣል። በዘፍጥረት ከማበጀት ጋር መጠበቅ መነገሩ ለዚህ ይጠቅማል፤ የተበጀና ያልተጠበቀ ነገር አደራው በግማሽ ቀርቷል።

የመጠበቅ ምሳሌ በአካባቢው ይገኛል። በቢቸና አቅራቢያ ያለው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳምና በ18ኛው መቶ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ያሠሩት ሞጣ ጊዮርጊስ፣ እንደ ሌሎቹ የደጋው አድባራትና ገዳማት፣ ዛፍን በግቢ የማኖር ሥርዓት ወራሾች ናቸው። በዛፍ ሥር ያለ አፈር ቅጠል ለብሶ ልል ስለሆነ ከማንኛውም ንጣፍ ይበልጥ ይጠጣል። በዚህ ዘመን ምእመናን ከጭቃ እንዲድኑ የብዙ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር በሲሚንቶና በሴራሚክ ይሸፈናል። የምእመናን ምቾት ተገቢ ፍላጎት ነው፤ የሚያስፈልገው ግን መሄጃውን እንጂ ግቢውን ሁሉ መሸፈን አይደለም። ለመሄጃው ውኃ አሳላፊ ንጣፍ፣ ለቀረው አፈርና ዛፍ ቢተው ሁለቱም ፍላጎቶች ይሟላሉ።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው ኮብልስቶንም በዚህ ሚዛን መታየት አለበት። ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ተደርድሮ መጋጠሚያው በአሸዋ ብቻ ሲሞላ ጥቂት ውኃ ያሳልፋል፤ ሲሚንቶ አይፈጅም፤ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲሞላ ግን ይህ ጥቅሙ ይቀራል። ጠጠር የተነጠፈበት ግቢ፣ ሣር፣ የጣሪያ ውኃ የሚይዝ በርሜልም የዕዳው መክፈያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከኮንክሪት ይረክሳሉ። ውኃ አሳላፊ ኮንክሪት የሚፈለገው መሬቱ መሸፈን ሲኖርበት ነው፤ ሳይሸፈን መቆየት የሚችል መሬት ሳይሸፈን ቢቆይ ይሻላል።

የጥያቄው መልስ

መሬትን የሚሸፍን ሰው ለዝናብ ያለበት ዕዳ በሦስት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለመሸፈን። ዝናብ የጋራ ስጦታ እስከሆነ ድረስ መሬት እንዳትቀበለው የሚከለክል ሁሉ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ሁለተኛ፣ በሸፈነው ላይ ለውኃው መንገድ መተው፤ መሬቱ ሲፈቅድ ወደ ታች፣ ሳይፈቅድ ቀስ ብሎ ወደ ጎን፣ በሁለቱም ንጹሕ አድርጎ። ሦስተኛ፣ ይህን መንገድ ከሌላው ሰው ምግብና ጥቅም ሳይነጥቅ መሥራትና በየዓመቱ ክፍት አድርጎ መጠበቅ።

ዕዳው እንደ አቅም ይለያያል። አንዲት ባለ ጎጆ ከጣሪያዋ በታች አንድ በርሜል ብታኖር ድርሻዋን ከፍላለች፤ ሰፊ ግቢ የሚያነጥፍ ተቋም ግን የሚሸፍነውን ያህል ይጠየቃል። ማዘጋጃ ቤት በሰፈር ውስጥ ቦይ ብቻ ሲሠራ ጎርፉን ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ ግዴታውን የሚወጣው ቦዩ የሚያልቅበትን ማሳም ሲያስብ ነው። በላይኛው ሰፈር የሚኖር ከታችኛው የበለጠ ኃላፊነት አለበት፤ በደጋ የሚኖር ለቆላው፣ ዛሬ የሚሠራ ነገ ከዚያው ምንጭ ለሚቀዳ ሰው ያስባል። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ቁስ አለ፤ ጥቁሩ ድንጋይና ፍርስራሹ በቅርብ፣ የእሳተ ገሞራው ዱቄትም ከእንጅባራ አካባቢ ይገኛሉ። ጎረቤትን ከላይ ሆኖ አለመጉዳት ደግሞ ገበሬው በፈሰስ ላይ ሲፈርድ የኖረበት የቆየ ፍትሕ ነው፤ ከተማውም በዚያው ፍትሕ ሊገዛ ይገባል።